ቶማስ ቴልፎርድና የመሐንዲሶቹ ማኅበር

ከምህንድስና ፋኩልቲ የሆነ አንድ ወዳጃችን በዚህ ዓመት ትምህርቱን ይፈጽማል። ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሽ እራት ስንበላ፥ ሲመረቅ የመሐንዲሶች ማኅበር አባል ይሆን እንደ ሆነ ብንጠይቀው ሳቀብን። ማኅበር ማለት መዋጮ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበልና በዓመት አንድ ጊዜ ምሳ መብላት ነው፤ ድልድይ ደግሞ በስሌት እንጂ በስብሰባ አይቆምም ሲል መለሰልን። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነንና ድልድይን የምናውቀው በላዩ ስንሻገር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ምሽት የምንመልስለት አጥተን ዝም አልን።

ነገሩ ግን አልለቀቀንም። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስለ ታላላቅ መሐንዲሶች የተጻፉትን መጻሕፍት ስናገላብጥ፥ ቶማስ ቴልፎርድ በሚባል በአንድ ስኮትላንዳዊ ታሪክ ላይ ደረስን። ሰውዬው በዘመኑ ከማንም መሐንዲስ ይበልጥ ስመ ጥሩ ነበረ፤ ከማኅበርም ምንም የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። ሆኖም የመጨረሻዎቹን 14 ዓመታት ዕድሜውን ከሰጠው ነገር አንዱ የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ለማወቅ ሕይወቱን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቴልፎርድ የተወለደው ኦገስት 9 ቀን 1757፥ በደቡብ ስኮትላንድ ኤስክዴል በሚባል ሸለቆ ውስጥ ነው። አባቱ በኮረብታ ላይ የሰው በግ የሚጠብቅ እረኛ ነበረ፤ ልጁ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥም ሞተ። እናቱ ጃኔት ያለ ረዳት ቀርታ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ውስጥ አሳደገችው። ልጁም ጥቂት ከፍ እንዳለ ለጎረቤት ገበሬዎች በግ እየጠበቀ፥ በደብሩ ትምህርት ቤት ፊደልና ቁጥር ተማረ። እንዲህ ባለው ችግር ውስጥ አድጎ እንኳ እጅግ ሳቂታ ስለ ነበረ፥ የመንደሩ ሰዎች በሳቁ ስም አውጥተውለት ነበር ይባላል።

በ14 ዓመቱ ገደማ ሥራ እንዲማር ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ ተሰጠ። የመጀመሪያው ጌታው ክፉ ስለ ነበረ ጠፍቶ ወደ እናቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ላንግሆልም በምትባል ትንሽ ከተማ ሌላ ጌታ ተገኘለትና ከእርሱ ዘንድ ተማረ። ያን ጊዜ በአገሩ መንገድ እየተጠረገ፥ የጭቃው ቤት በድንጋይ ቤት እየተተካ ስለ ነበረ ሥራ አልጠፋም፤ በላንግሆልም በኤስክ ወንዝ ላይ የተሠራውን ድልድይ ከገነቡት እጆች አንዱ የእርሱ እጅ ነበረ። በዚያው ከተማ ፓስሊ የምትባል አንዲት ወይዘሮ ልጁን ወድዳ መጻሕፍት ታውሰው ጀመር። ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ይውልና ማታ በምድጃ ብርሃን ያነብ ነበር። ግጥምም ጽፎ አሳትሟል። እኛ በሙያችን ስለ ሆነ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም፤ እውነቱን ለመናገር ግን በግጥሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም ነበር።

በ1780 ወደ ኤዲንበርግ፥ በ1782 ደግሞ ወደ ለንደን ሄደ። በለንደን ሶመርሴት ሐውስ የሚባለው ታላቅ የመንግሥት ሕንፃ ይሠራ ስለ ነበረ በዚያ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ተቀጠረ። በ1784 ፖርትስመዝ በሚባለው የጦር መርከብ ወደብ ውስጥ የሚሠሩ ቤቶችን እንዲቆጣጠር ተሾመ። ይህ ለእረኛ ልጅ ትልቅ ዕድል ነበረ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የጽሑፋችን ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ቴልፎርድ በፖርትስመዝ ሳለ ስለ ኖራ ማወቅ ፈለገ። በባሕር ዳር ግንብ የሚሠራ ሰው የትኛው ኖራ በውሃ ውስጥ እንደሚጠነክር፥ የትኛውስ እንደሚሟሟ ካላወቀ ሥራው ከንቱ ነው። የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረውም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ፈረንሳዮች የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤታቸውን በ1747 ከፍተው ነበር፤ እንግሊዞች ግን ገና አላሰቡትም። ስለዚህ ቴልፎርድ የኤዲንበርጉ የኬሚስትሪ መምህር ጆሴፍ ብላክ ያስተማረው ትምህርት ተጽፎ ቢያገኝ እርሱን እየገለበጠ፥ ማታ ማታ ብቻውን ስለ ኖራ ያጠና ነበር። ያጠናውንም ለልጅነት ጓደኛው ለአንድሩ ሊትል በደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። ይህ ሊትል ሐኪም ሆኖ በመርከብ ሲሄድ በአፍሪካ ጠረፍ መብረቅ ዐይኑን ያጠፋበትና በላንግሆልም መምህር የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ የመርከብ ወደብ ግንብ የሚሠራው ሰው ስለ ሥራው የሚወያየው በሩቅ አገር ከሚኖር አንድ ዐይነ ስውር መምህር ጋር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ለጥያቄው መልስ ተገኝቶ ነበር። ጆን ስሚተን የተባለው ታላቅ መሐንዲስ በ1756 የኤዲስቶንን የመብራት ግንብ በባሕር መካከል ለመሥራት ሲዘጋጅ፥ ሸክላ አፈር ካለበት የኖራ ድንጋይ የተቃጠለው ኖራ በውሃ ውስጥ እንደሚጠነክር በሙከራ አረጋግጧል። ይህንንም የሚተርከው መጽሐፉ የታተመው በ1791 ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ መካከል ነገሩን የሚያውቁት ስሚተንና በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ነበሩ። ስሚተን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቸር ነበረ ይባላል። እውቀቱን የሚያኖርበት የጋራ ቦታ ግን አልነበረም። እርግጥ በ1771 ስሚተንና ጥቂት ባልደረቦቹ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የሚባል አቋቁመው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ፓርላማው በሚሰበሰብበት ወራት ለንደን የሚመጡ ታላላቅ መሐንዲሶች አብረው እራት እየበሉ የሚጫወቱበት ማኅበር ነበረ። የወዳጃችን ቀልድ ለዚህኛው ማኅበር ቢሆን ብዙም ሐሰት አይደለም።

ቴልፎርድ በ1787 ሽሮፕሺር የሚባለው አውራጃ የሕዝብ ሥራዎች ተቆጣጣሪ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በሽሩስበሪ ከተማ የቅዱስ ቻድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ስላፈሰሰ መጥቶ እንዲያየው የደብሩ ሹማምንት ጠሩት። እርሱም ግንቡን ዞሮ ሲመለከት፥ በመሠረቱ አጠገብ መቃብር ሲቆፈር ከመኖሩ የተነሣ ምሰሶው ተናግቶ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ አገኘ። ጣሪያውን ተዉት፥ ሕንፃው ሊወድቅ ነው አላቸው። ሹማምንቱ ተሳለቁበት፤ ስንጥቁ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፥ ይህ ሰው ለራሱ ሥራ ሊፈጥር ነው ብለው አሙት። ቴልፎርድም ጥሏቸው ወጣ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ በሌሊት ግንቡ ተንዶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው፤ በውስጡ ሰው ያልነበረ መሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን ያሰኛል።

በዚህ ታሪክ ብዙዎች የቴልፎርድን ብልህነት ያደንቃሉ። እኛ ግን ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ከውጭ አገር የመጣ የሠላሳ ዓመት ድንጋይ ጠራቢ እውነቱን ቢናገርም ቃሉ ክብደት አልነበረውም። ሐኪም ስለ በሽታ ሲናገር ከኋላው የሐኪሞች ጉባኤ አለ፤ ጠበቃም ስለ ሕግ ሲናገር እንዲሁ። መሐንዲስ ግን ያን ጊዜ ማንም ነበረ። እኔ መሐንዲስ ነኝ ያለ ሁሉ መሐንዲስ ነበረ፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ከማያውቀው ሕዝቡ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

በ1793 በዚያው አካባቢ የኤልዝሚር የመርከብ ቦይ ሥራ ሲጀመር ቴልፎርድ ተቀጠረ። ቦዩ በዌልስ የዲ ወንዝን ሸለቆ ማቋረጥ ነበረበት። መርከብን በሸለቆ ላይ ማሻገር እንዴት ይቻላል? መልሱ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ፖንትከሲስልቴ የሚባለው የውሃ ድልድይ በ18 የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ተዘርግቶ፥ ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ብሎ፥ 307 ሜትር ይረዝማል፤ በላዩ ላይ ከብረት የተሠራ ረጅም ገንዳ አለ፤ ጀልባዎቹ በገንዳው ውስጥ በአየር ላይ እንደሚሄዱ ሆነው ያልፋሉ። የምሰሶዎቹ ኖራ በበሬ ደም ተለውሶ ነበር ይባላል። ሥራው በ1795 ተጀምሮ በኖቬምበር 1805 ተመረቀ፤ በ2009 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ነገር ግን የዚህ ቦይ ዋና መሐንዲስ ቴልፎርድ አልነበረም። ዋናው መሐንዲስ የስሚተን ተማሪ የነበረው ዊልያም ጄሶፕ ነው፤ ቴልፎርድ ከእርሱ በታች ሆኖ ይሠራ ነበር። ጄሶፕ ዝምተኛ ሰው ስለ ነበረ ስለ ራሱ አልተናገረም፤ በ1814ም ሞተ። ቴልፎርድ በእርጅናው በጻፈውና ከሞተ በኋላ በ1838 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጄሶፕን ከጥቂት ቃል በቀር አላነሣውም። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ሕዝቡ ሁሉ ያን ድልድይ የቴልፎርድ ብቻ አድርጎ አወቀው። እኛ ቴልፎርድን እንወደዋለን፤ ይህን ግን ልንሸፍንለት አንችልም። በ1979 ስለ ጄሶፕ በታተመው መጽሐፍ ሁለት ደራሲዎች የኩባንያዎችን ቃለ ጉባኤና የድሮ ወረቀቶችን መርምረው፥ የጄሶፕን ድርሻ ወደ ባለቤቱ መለሱለት። ለሟቹ የተሟገተለት በጊዜው የተጻፈ ቃለ ጉባኤ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ከ1801 ጀምሮ መንግሥት ቴልፎርድን ወደ ሰሜን ስኮትላንድ ላከው። በዚያ ደጋ አገር መንገድ ስላልነበረ ሕዝቡ እየተራበ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። ቴልፎርድ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ900 ማይል በላይ መንገድና 1,000 ያህል ድልድይ በበላይነት አሠራ። በስዊድንም የዬታን ቦይ በ1808 ሄዶ ቀያሹ እርሱ ነው፤ የስዊድን ንጉሥም ኒሻን ሸለመው። ሁሉም ነገር ግን አልተሳካለትም። የስኮትላንድን ምድር ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጠው የካሌዶኒያ ቦይ በሰባት ዓመት ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ እስከ 1822 ድረስ ቆየ፤ ወጪውም ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ጥልቀቱም ከታሰበው አንሶ ቀረ።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ቴልፎርድ አልተጋባም፤ የራሱ ቤትም አልነበረውም። ለንደን ሲመጣ የሚያድረው ሳሎፒያን በሚባል ቡና ቤት ነበረ፤ በዚያም 21 ዓመት ያህል ኖረ። አንባቢ የዛሬውን ቡና ቤት እንዳያስብ፤ በዚያን ዘመን ቡና ቤት ማለት እንግዳ ማረፊያ፥ ጋዜጣ ማንበቢያና የነጋዴዎችና የሊቃውንት መሰብሰቢያ ነበረ። የመሐንዲሶችም መገናኛ ይኸው ቤት ሆነ፤ ወጣቱ ሁሉ ምክር ሊጠይቅ ወደ ቴልፎርድ ይመጣ ነበር። ቤቱ በሽያጭ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቴልፎርድ ከዕቃው ጋር እንደ ሀብት ይቈጠር ነበር ይባላል። በኋላም የራሱን ቤት ሊይዝ እንደሚወጣ ቢናገር፥ አዲሱ ባለቤት ስለ እርሱ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ስለ ነበረ ደንግጦ አለቀሰበት ይላሉ። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም በውስጡ አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን እውቀት የሚገኘው አንድ ሽማግሌ በሚያድርበት ቡና ቤት ነበረ። ሽማግሌው ያን ቀን በስኮትላንድ ከሆነ ጠያቂው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ እንምጣ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1818፥ በለንደን ፍሊት ስትሪት በሚባለው መንገድ ኬንዳል በሚባል ሌላ ቡና ቤት ውስጥ ከስምንት የማይበልጡ ወጣቶች ተሰበሰቡ። ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ የማይርቅ፥ ስማቸውም ያልታወቀ ነበረ። ሐሳቡን ያመጣው በቴልፎርድ ሥር ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው፤ ጆሹዋ ፊልድና ጄምስ ጆንስም ነበሩበት። ፓልመር በዚያ ምሽት ያስረዳው ነገር፥ መሐንዲስ በሊቁና በእጅ ሠራተኛው መካከል ቆሞ የሁለቱን ነገር ማግባባት ያለበት ሰው ሳለ፥ ይህን የሚማርበት ቦታ በአገሩ አለመኖሩን ነበር። ስለዚህ እርስ በርሳችን እንማማር ብለው ማኅበር መሠረቱ።

እንደ ብዙ ወጣቶች ማኅበር፥ የእኛንም ክበቦች ጨምሮ፥ ጅማሬው ሞቅ ብሎ ወዲያው ቀዘቀዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሰበሰቡም አባሉ እጅግም አልበዛም፤ የታወቀ መሐንዲስ ወደ እነርሱ አልመጣም። ያን ጊዜ ፓልመር ቴልፎርድን ሊቀ መንበር እንዲሆን እንለምነው አለ። ቴልፎርድ 62 ዓመቱ ነበረ። ክብርም፥ ሥራም፥ ስምም ሞልቶታል። ከነዚህ ልጆች የሚያገኘው ትርፍ አልነበረም፤ ነገሩ ቢከሽፍ ግን የሚያጣው ስሙን ነበረ። እርሱ ግን እሺ አላቸውና ማርች 21 ቀን 1820 በወንበሩ ተቀመጠ።

በዚያ ቀን ባደረገው ንግግር፥ በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለው ተቋም በመንግሥት ትእዛዝ እንደሚቆም፥ በእነርሱ አገር ግን በእያንዳንዱ አባል ትጋትና ጠባይ እንደሚቆም አመለከታቸው። ንግግሩ አጭር ነበረ፤ የሠራው ሥራ ግን ረጅም ነው። መጀመሪያ መጻሕፍቱንና ንድፎቹን አምጥቶ ለቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ እንዲሆን ሰጠ። ቀጥሎ እያንዳንዱ አባል ባዶ እጁን እንዳይመጣ፥ ያየውንና የሞከረውን በጽሑፍ ወይም በንድፍ እንዲያመጣ አደረገ። ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የበለጠብን፥ በስብሰባው ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ ማዘዙ ነው። ንግግር ይጠፋልና። እርሱ ራሱ ለንደን በነበረ ጊዜ ሁሉ ከሳምንታዊው ስብሰባ አይቀርም ነበር። በሥራ ቦታ ያሉት ረዳቶቹም ስለ አፈሩ፥ ስለ ብረቱ፥ ስለ ውሃው የሚያገኙትን ወደ ማኅበሩ እንዲጽፉ ያበረታታቸው ነበር። አሁን ከላንግሆልም የመጣ አንድ ወጣት ስለ ኖራ ቢጠይቅ የሚጠይቀው ቦታ አገኘ ማለት ነው።

በጁን 1828 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ለማኅበሩ ቻርተር ሰጡት። ቻርተሩ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ የሽሩስበሪ ሹማምንት የተሳለቁበት ሙያ በንጉሥ ማኅተም ስም አገኘ፤ ሲቪል ምህንድስና ማለት የተፈጥሮን ኀይል ለሰው ጥቅም ማዋል መሆኑን የሚገልጸው ትርጓሜም፥ ቶማስ ትሬድጎልድ የተባለው መሐንዲስ ለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጀው፥ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ወዳጃችን እዚህ ላይ፥ እንግዲህ ማኅበር ማለት የገቡት ላልገቡት በር የሚዘጉበት ነው ይለን ይሆናል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። በሩን ማን ይጠብቃል፥ ማንንስ ያስገባል የሚለው ጥያቄ በየአገሩና በየማኅበሩ ያለ ነው። የዚህኛው ማኅበር በር ግን በመጀመሪያ የተከፈተው በወጣቶች እጅ መሆኑን፥ ሽማግሌውም የገባው ተለምኖ መሆኑን እናስታውሰዋለን።

ቴልፎርድ በሊቀ መንበርነቱ ዘመን የሠራው ትልቁ ሥራ የሜናይ ድልድይ ነው። ከለንደን ወደ አየርላንድ የሚሄደው መንገድ በዌልስ ጫፍ በባሕር ወሽመጥ ይቋረጥ ነበር፤ መንገደኛው በጀልባ ሲሻገር ከብቱ በዋና ይነዳ ነበር። የባሕር ኀይሉ ሹማምንት ደግሞ የጦር መርከብ ሸራውን ዘርግቶ በሥሩ እንዲያልፍ፥ ድልድዩ ከውሃው 30 ሜትር ከፍ ይበል አሉ። ስለዚህ ቴልፎርድ መንገዱን በብረት ሰንሰለት ላይ ሊያንጠለጥለው ቈረጠ። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ርቀት 176 ሜትር ነበረ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ርዝመት የሞከረ አልነበረም። ቴልፎርድ በሒሳብ ስሌት ብዙ የሚታመን ሰው አልነበረም፤ ብረቱን ደጋግሞ በመሳብና በመበጠስ ጥንካሬውን መመርመር ይመርጥ ነበር። ይሁን እንጂ ዴቪስ ጊልበርት የተባለው የሒሳብ ሊቅና የፓርላማ አባል የሰንሰለቱን አሰቃቀል አስልቶ፥ ሰንሰለቱ የበለጠ ጎድጎድ ቢል ይሻላል ብሎ ባሳየው ጊዜ፥ ሽማግሌው አልተቈጣም፤ ምሰሶዎቹን ከፍ አደረጋቸው። የመጀመሪያው ሰንሰለት በአፕሪል 1825 ሲሰቀል ቴልፎርድ ከጭንቀት የተነሣ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሰንሰለቱ በቦታው ሲያያዝና ሕዝቡ እልል ሲል ጓደኞቹ ሊያመሰግኑት ቢፈልጉት ተንበርክኮ ሲጸልይ አገኙት ይባላል። ድልድዩ በጃንዋሪ 30 ቀን 1826 ተከፈተ። ሰንሰለቱ በኋላ ዘመን በአዲስ ቢተካም ዛሬም መኪና ያልፍበታል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ ደስ አይለንም። በ1829 በብሪስቶል ከተማ ክሊፍተን በሚባለው ገደል ላይ ድልድይ ለመሥራት ውድድር ወጣና ቴልፎርድ ዳኛ ሆኖ ተጠራ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የ23 ዓመቱ ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ነበረ። ቴልፎርድ ከሜናይ ይበልጥ የሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ነፋስ ያፈርሰዋል ብሎ ያምን ስለ ነበረ የሁሉንም ንድፍ ጣለ። ይህስ የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ይባል። ነገር ግን ኮሚቴው አንተ ራስህ ንድፍ ስጠን ቢለው ሰጠ! ዳኛው ተወዳዳሪ ሆነ። ያቀረበውም ከገደሉ ሥር የሚነሡ ሁለት ግዙፍ ማማዎች ያሉት ነበረ፤ ሕዝቡም በመጀመሪያ ቢያደንቀው በኋላ ወጪውን አይቶ ተወው። በ1831 ሁለተኛ ውድድር ተደርጎ ብሩኔል አሸነፈ።

ቴልፎርድ በመጨረሻው ጆሮው እየደነቈረ ከሰው እየራቀ ሄደ፤ ሊቀ መንበርነቱን ግን እስኪሞት ድረስ አልተወም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1834 በለንደን ሞተ፤ ነገሥታትና ባለቅኔዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። በኑዛዜው ለተወለደበት ደብርና ለላንግሆልም ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ተወ፤ መጽሐፍ ተውሶ ያነበበበትን ዘመን አልረሳም ነበር። ለማኅበሩ ደግሞ 2,000 ፓውንድ ተወለት፤ ወለዱም በየዓመቱ መልካም ጽሑፍ ላቀረበ መሐንዲስ ሽልማት እንዲሆን አዘዘ። በስሙ የሚጠራው ሜዳሊያ በ1835 ተቋቋመ። በየሳምንቱ የተጻፈው ቃለ ጉባኤና የአባሎቹ ጽሑፍም በ1836 እና በ1837 መታተም ጀመረ። የጄሶፕን ስም ከራሱ መጽሐፍ ያስቀረው ሰው፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ስማቸው የማይጠፋበትን መዝገብ ትቶላቸው ሞተ ማለት ነው።

የክሊፍተን ድልድይ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። ብሩኔል ሥራውን ቢጀምረውም በ1843 ገንዘቡ አልቆ ሁለት ማማ ብቻ በገደሉ ግራና ቀኝ ቆመው ቀሩ። ብሩኔል ራሱ በ1859 ሞተ። ያን ጊዜ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ታላላቅ አባላት ድልድዩ ለባልደረባቸው መታሰቢያ ሆኖ እንዲፈጸም ተነሡ፤ ኩባንያ አቋቁመው ገንዘብ አሰባሰቡ። በለንደን የፈረሰውን የብሩኔልን የሀንገርፎርድ ድልድይ ሰንሰለት ገዝተው አመጡ፤ ጆን ሆክሾና ዊልያም ባርሎ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ንድፉን አሻሽለው ሥራውን መሩ። በዲሴምበር 1864 ተከፈተ። ከማማ እስከ ማማ 214 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ነፋስ ያፈርሰዋል ካለው ርዝመት በላይ። ነፋሱ እስከ ዛሬ አላፈረሰውም።